ዶሮውን ማን አረደው

መጋቢት 14 ቀን 1962፣ ሰኞ

ይህን ደብተር ያስያዙኝ አባ ተድላ ናቸው። የነፍስ አባታችን ናቸው። ማለት የአማቴ የወይዘሮ ጥሩሰው የነፍስ አባት ናቸው፣ እኔ በጥር ተድሬ ሰበታ ስገባ ከአልጋውና ከመሶቡ ጋር አብረው ደረሱኝ። ትናንት ንስሐ ስገባ «አባ፣ አጉረመርማለሁ፣ ባፌ አልናገርም እንጂ በሆዴ ቀኑን ሙሉ ሳጉረመርም ነው የምውለው» አልኳቸው። «በምኑ ነው የምታጉረመርሚው?» አሉኝ። «በሁሉም» አልኩ። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ቀኖናሽ ይሄ ነው፣ እስከ ፋሲካ በየቀኑ ለእግዚአብሔር ሦስት ሦስት ምስጋና ታቀርቢያለሽ። ቤተሰብ ሰጥቶሻል፣ ጎረቤት ሰጥቶሻል፣ የምትቀምሺው ሰጥቶሻል፣ ምን ጎደለሽ?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ምስጋና ቶሎ ይጠፋብኛል፣ ሦስተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት ለዚህ ይሆናል ብዬ ከእነ ሃዋ ሱቅ ደብተር ገዛሁ። ሃዋ የባለሱቁ የሀጂ ከሊፋ ልጅ ናት፣ ሰበታ ላይ ያለችኝ አንድ ጓደኛ እሷ ናት።

እንግዲህ ላመስግን።

አማቴን ስለሰጠኸኝ። ዛሬ ሽሮውን ቀመሱና «ተፍኪ ጨው የለም እንዴ?» አሉኝ። ተፍኪ የኔ አገር ነው። «አለ እማማ» አልኩ። «እንግዲያው ስትመጪ እዛው ረስተሽው ነው» አሉ።

ባሌን አሥራትን ስለሰጠኸኝ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ በጅማ መንገድ ይመላለሳል። ሰጠኸኝ ነው ያልኩት እንጂ አሳየኸኝ አላልኩም፣ ከሄደ ዛሬ አስራ አንድ ቀኑ ነው።

ሦስተኛ። ሦስተኛ ምን ነበር… ሽንኩርት። ሽንኩርት ሲከትፉ ሰው ለምን ታለቅሻለሽ ብሎ አይጠይቅም።

መጋቢት 20፣ እሁድ

አሥራት ትናንት ገብቶ ዛሬ ወጣ። መኪናው ወሊሶ ላይ ተበላሽቶበት ነው የቆየው። እንዴት ያለ መኪና ነው፣ እስከ ጅማ ስንት ከተማ እያለ ሁልጊዜ ወሊሶ ሲደርስ ነው የሚታመመው። ሸሚዙ ታጥቦ በካውያ ተተኩሷል፣ የአንገትጌው ቁልፍ ተበጥሶ ነበር፣ እሱም ተተክቷል፣ በሌላ ቀለም ክር። የወሊሶ መካኒኮች ሞተር ፈተው ሲያበቁ ቁልፍም ይተክላሉ ማለት ነው። ተመስገን፣ ሰው እጁ ላይ ብዙ ሙያ ሲኖረው ደስ ይላል።

በር ድረስ ሸኘሁት።

«ለፋሲካስ?»

«ቅዳሜ በጠዋት እገባለሁ።»

«የእውነት?»

«አንቺ ደግሞ! ገባሁ አልኩሽ'ኮ።»

ገና ሳይገባ ገባሁ ብሏል፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ።

መጋቢት 28፣ ሰኞ

በርበሬ ቅንጠሳ ዋልን። እጄ ያቃጥላል፣ ዓይኔን እንዳልነካ እየፈራሁ ነው የምጽፈው። ጎረቤታችን እትዬ ማሪቱ ልታግዝ መጥታ ነበር፣ እጇ አንድ በርበሬ ሲቀነጥስ ምላሷ አንድ ኩንታል ይፈጫል። እማማ ወደ ጓዳ ሲገቡ ጠብቃ ጠጋ አለችኝ።

«ከአንቺ በፊት አሥራት ያገባትን ታውቂያታለሽ?»

«ስሟን ሰምቻለሁ።»

«በዳግም ትንሣኤ ማግስት ነው ጥሩሰው የመለሰቻት። በሁዳዴ ቅቤ የነካ ማማሰያ ጾም ወጥ ውስጥ ከታ ተገኝታ ነው። እጇ ንጹሕ አይደለም፣ ቤቴን ታረክሳለች ተባለ፣ በቃ፣ ጓዟን በአህያ ጭነው ሸኟት። አንቺ እንኳ ጠንቃቃ ትመስያለሽ።»

እመስላለሁ። ከዛ ወዲህ ማማሰያውን አራት ጊዜ አጥቤዋለሁ።

እኔን ደግሞ የሚመልሱኝ የት ነው? እናት አባት የለኝ። አጎቴ ከተፍኪ ሲሸኘኝ ሰው ሁሉ እያለቀሰ፣ እሱ በጆሮዬ «ልጄ፣ እግርሽ ይቅና፣ አልጋሽ የነበረበት ቦታ ላይ ግን ጎተራ ላቆምበት ነው» አለኝ። አቁሟል፣ ከዛ የመጣ ሰው ነግሮኛል፣ ጤፍ ሞልቶበታል። ስለ አጎቴ እህልም ተመስገን።

ሚያዝያ 4፣ እሁድ

ቸኩያለሁ። ሃዋ ሱቅ ቆሜ ነው የምጽፈው። እማማ ቅቤ ሊገዙ ሱሉልታ ሄደው ነበር፣ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፣ ለፋሲካ ይሸጣሉ፣ አሁን መጥተዋል አሉ፣ እኔ ደግሞ እሳቱን ትቼ ነው የወጣሁት። ሃዋ ወንድሟ ከቡራዩ ለፋሲካ ሰሞን ይመጣል ብላ ደስ ብሏታል፣ እዛ ሱቅ አለው። እኔን «ያንቺስ?» አለችኝ። ቅዳሜ አልኳት። «የቱ ቅዳሜ?» ብላ ሳቀች። ጓደኛ ስለሰጠኸኝ ተመስገን፣ ሂጂ እያለችኝ ነው፣ ጭሱ ከዚህ ይታያል

ሚያዝያ 11፣ ሆሳዕና

ዘንባባ በጣታችን አስረን ከቤተክርስቲያን ስንመለስ ኦቦ ኢቲቻ መንገድ ላይ አገኙን። ቤቱ ወንድ ሲያጣ ዶሮና በግ የሚያርዱልን እሳቸው ናቸው። «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ በዚህ ሰፈር ልጄ የሚለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ በኦሮምኛም ቢሆን ደስ ይለኛል። ለበዓል ሆለታ ዘመዶቼ ጋ ነኝ አሉ። እማማ ወዲያው «ግድ የለም ኢቲቻ፣ ዘንድሮ ዶሮውን የሚያርደው ልጄ ነው። የሙሽራ የመጀመሪያ ፋሲካ ነው፣ ባሏ ነው ማረድ ያለበት» አሉ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ አድርገው።

እትዬ ማሪቱ ከኋላ ነበረች። «አሥራትን እኮ ባለፈው ሳምንት ወሊሶ አየሁት» አለች። «መኪናው አንድ ግቢ በር ላይ ቆሟል። ያው ግቢ ነው፣ ሁልጊዜ።»

እማማ ዘወር እንኳ አላሉም። «ማሪቱ፣ ዓይንሽ ጥሩ ነው፣ ከራስሽ ቤት ብትጀምሪበት ደግሞ ይበልጥ ነበር» አሏት።

ያ ግቢ የመካኒክ ግቢ ይሆናል። መካኒክ ግቢ የለውም እንዴ።

ሚያዝያ 15፣ ጸሎተ ሐሙስ

ጉልባን። ባቄላው አልበሰለም ተባለ። በሰለ። አሁን ደግሞ በዛ ተባለ። ተመስገን።

ሚያዝያ 16፣ ስቅለት

እስከ አስራ አንድ ሰዓት ስንሰግድ ዋልን፣ ጉልበቴ የኔ አይደለም። አባ ተድላ በወይራ ቅጠል ጀርባዬን መታ መታ ሲያደርጉ «ማጉረምረሙ ተሻለሽ?» አሉኝ። ተሻለኝ አባ፣ አልኩ። በስቅለት ቀን ነው የዋሸሁት፣ ለዛውም ቅጠሉ ጀርባዬ ላይ እያለ። እማማ ያከፍላሉ፣ ከትናንት ጀምሮ እህል ውሃ ባፋቸው አልዞረም፣ እስከ ፋሲካ ሌሊት አይቀምሱም። በስድሳ ዓመታቸው! እኔ እንኳ ማታ ቆሎ ቀመስኩ።

ነገ አሥራት ይገባል። አውራ ዶሮውን እግሩን አስሬ ጓዳ አስቀምጬዋለሁ፣ እሱም እንደኔ በር በሩን ያያል።

ሚያዝያ 17፣ ቅዳሜ

ጠዋት። አልመጣም። ቀጠማ መጣ፣ ራሳችን ላይ አሰርን።

አራት ሰዓት። አልመጣም። ሽንኩርቱ ግማሽ ድረስ ቁሌት ሆኗል።

ስድስት ሰዓት። እማማ ወደ ቤተክርስቲያን ሄዱ፣ እስከ ማታ አይመለሱም። ከበሩ ዘወር ብለው «ሲመጣ ያርድልሽ» አሉ። ሲመጣ።

ስምንት ሰዓት። ዝናብ። የመኪና ድምፅ ሰምቼ ሮጥኩ፣ የዘይት መኪና ነው፣ አለፈ።

ዘጠኝ ሰዓት። እግዚኦ

ቅዳሜ፣ ወደ ማታ

አለቀ። ወጡ ተጥዷል፣ ልጻፍ።

ወንድ ጠፋ። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ወይ ቤተክርስቲያን ነው ወይ ኦቦ ኩምሳ ሜዳ ላይ ቅርጫ እየተካፈለ ነው። ሜዳው ሩቅ አይደለም፣ ዶሮዬን ይዤ ብሄድ አስር ሰው ያርድልኛል። ግን ሃምሳ ወንድ ፊት ዶሮ ታቅፌ ከቆምኩ አሥራት አለመምጣቱን ሃምሳ ቤት ያውቀዋል፣ ከዛ እትዬ ማሪቱ አለች። ስለዚህ የማያውቀኝ መንገደኛ ይሻላል ብዬ፣ የማያውቅ ሰው ምን ያወራል ብዬ፣ በአንድ እጄ ዶሮ በአንድ እጄ ቢላ ይዤ በር ላይ ቆምኩ። ሁለት ሴቶች አለፉ። አንድ ሽማግሌ አለፉ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከዛ አንድ ጎልማሳ ሰው መጣ፣ በዝናቡ ፎጣ ተከናንቦ ሮጥ ሮጥ እያለ።

«ወንድሜ፣ በፈጠረህ፣ ይቺን ዶሮ እረድልኝ።»

ቆመና አየኝ። «እህቴ፣ እኔ አልሆንሽም» አለኝ።

«ወንድ ሁሉ የሚለው ይሄንኑ ነው፣ ቸኩያለሁ፣ አልሆንሽም፣ ቢላ አልችልም…»

«ኧረ ስሚኝ…»

«ሰማሁህ! ወጡ እያረረብኝ ነው፣ የመጀመሪያ ፋሲካዬ ነው፣ አማቴ ይመልሱኛል፣ የምመለስበት ቦታ ላይ ደግሞ ጎተራ አለ!»

ምን እንደምል ራሴም አላውቅም፣ አለቀስኩ፣ በዛ ላይ ሽንኩርቱ እጄ ላይ ነበር። ሰውየው ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። «ኋላ ትጣዪኛለሽ» አለ። «አሁን ካላረድክልኝ ነው የምጣላህ» አልኩት። ቢላውን ተቀበለኝ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በስመ አብ አልኩ፣ እሱም ዶሮውን ወደ እንጦጦ በኩል አዙሮ ባፉ ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ዳዊት ደጋሚ ነው መሰለኝ፣ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዶሮው አልተሰቃየም። እጁን አስታጠብኩት።

«ስሜን እንኳ አልጠየቅሽኝም» አለኝ።

«ምን ያደርግልኛል ስምህ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ!» ብዬ ሮጥኩ።

አስራ ሁለት ብልት አወጣሁ፣ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት፣ አስራ ሁለት ነው።

እማማ ነጠላቸውን ሊቀይሩ ብቅ ሲሉ ድስቱን ከፍተው አዩ። «መጣ?» አሉኝ። «መጣ እማማ። አረደልኝና ሄደ፣ መኪናው ላይ የሰው ቡና አለ፣ ባለቤቱ ይቸኩላል አለ።» ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ የቡናው ባለቤት ሁሉ ፊቴ ላይ መጣ፣ ወፍራም ነው። እማማ ብዙ አዩኝ። ሁለት ቀን እህል ያልቀመሰ ሰው ዓይኑ ይጎደጉዳል። «እሺ» አሉ።

ስለ መንገደኞች ተመስገን። ከልቤ ነው።

ሚያዝያ 18፣ ፋሲካ

ሌሊት ዶሮ ሲጮህ ጾም ተፈታ። እማማ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለኔ አጎረሱኝ። ለኔ! ከጥር ወዲህ እጃቸው አፌ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ነው፣ እያኘክሁ አለቀስኩ፣ ሽንኩርት አልነበረም።

ቀን አባ ተድላ መጡ፣ ባረኩ፣ ፈረሰኛውን አወጣሁላቸው። «ምራትሽ እጇ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ዶሮ ከደብረ ብርሃን ከወጣሁ አልቀመስኩም» አሉ። እማማ ደግሞ ለመጣው ሰው ሁሉ «ልጄ ለሚስቱ አርዶላት ሄደ፣ ሥራ ይዞት ነው እንጂ» ይላሉ። እትዬ ማሪቱ አንገቷን ደፍታ ነበር የበላችው። እንዴት ደስ ይላል። ከዶሮው ይልቅ እሱ ነው የጣፈጠኝ።

አባ፣ ዛሬ ሦስት አይበቃኝም። ስለጎረሰው ሁሉ ተመስገን፣ ስላጎረሰው ሁሉ ተመስገን፣ ያ ሰውዬ የትም ይሁን እጁ ይባረክ።

ሚያዝያ 19፣ ሰኞ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ፊደሉ ካልተነበበ ለራሴ ነው።

ከምሳ በኋላ ሃዋ እንኳን አደረሳችሁ ልትለን መጣች፣ ስኳርና ሎሚ በመሶብ ይዛ። ከኋላዋ ሰው አለ። «እማማ፣ ወንድሜ ከድሩ ነው፣ ከቡራዩ የመጣው» አለች።

እሱ ነው። ያለ ፎጣ። ነጭ ቆብ አድርጓል።

ግድግዳውን ያዝኩ። እሱ እንደገባ አየኝ፣ ከዛ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። እኔም መሬት መሬት። እማማ ሻይ ጠጡ አሉ፣ ሻይ ቀዳሁ፣ ትሪው ላይ ስኒዎቹ እንደ ጽናጽል ይንሿሿሉ።

«ተያይታችሁ ታውቃላችሁ እንዴ?» አሉ እማማ።

«አይ!» አልን ሁለታችንም አንድ ላይ።

«እንዲያው መሰለኝ» አሉና ዳቦ ቆረሱለት።

ሲወጡ በር ላይ ደረስኩባቸው። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «አልሆንሽም አልኩሽ፣ ስሚኝ አልኩሽ፣ ስሜን አልጠየቅሽኝም አልኩሽ። የቀረኝ አዛን ማለት ነበር» አለኝ። ሃዋ ነገሩ እስኪገባት ዓይኗን አፈጠጠች፣ ሲገባት ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ አጥሩ ላይ ተደግፋ ሳቀች። «ወንድሜ የሰው ፋሲካ አረደ!» ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አባዬ ከሰማ ግን ከድሩን ለምን በሰው ሃይማኖት ገባህ ብሎ ያነደዋል። የሺ፣ በሞቴ፣ አንድ ቃል አታውጪ።» እኔ ላወጣ! እሷም ፈራች፣ እሱም ፈራ፣ ሦስታችንም አንድ ዶሮ ፈርተን ቆምን። እኛ የእነሱን አንበላ፣ እነሱ የኛን አይበሉ፣ አብረን ሻይ እንጠጣለን፣ ስንት ዘመን የቆየ ሕግ ነው፣ የሚያፈርሰው ሰው ጠፍቶ እኔ ተገኘሁ።

ማማሰያ ነው ያቺን ልጅ ያስመለሳት። ማማሰያ ብቻ። እኔ ሁለት ቀን ያከፈሉ ሴትዮ፣ የነፍስ አባታቸው፣ ሰፈሩ በሙሉ…

ሚያዝያ 21፣ ረቡዕ

እትዬ ማሪቱ፣ ውሃ ቧንቧ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ «ቅዳሜ በራችሁ ላይ ፎጣ የተከናነበ ሰው አየሁ። አሥራት ነበር? ቀጠነብኝ» አለች። እማማ እንስራቸውን እየሞሉ «አሥራት ነው፣ በጾሙ ቀጥኖ ነው» አሉ።

አሥራት በጾሙ! ጠብሰው የሰጡትን የማይተው ሰው።

እሳቸውም አምነውኛል ማለት ነው። ይሄ ነው የባሰው። ምን አለ ስሙን ብጠይቅ፣ ምን አለ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ባቆይ፣ ምን አለ ሜዳው ድረስ ብሄድ፣ ሃምሳ ቤት ቢያውቅ ምን ይሆናል፣ ያው የሚያውቁትን ነው የሚያውቁት።

ሚያዝያ 23፣ አርብ

የጭነት መኪና ረዳት መልእክት አመጣ። አሥራት እሁድ ይገባል። ለፋሲካ ያልገባ ለዳግም ትንሣኤ ይገባል፣ ስለ ባሌ ትጋት ተመስገን።

ይገባና ዶሮ አላረድኩም ይላል። ከዛ «ታዲያ ማን አረደ?» ይባላል።

ሁለቱን ቀሚሴንና ጋቢዬን ጠቅልዬ አልጋ ስር አስቀመጥኩ። አህያ ባይጠሩ እንኳ የምሸከመው ነው።

ሚያዝያ 25፣ ዳግም ትንሣኤ

ሁሉንም ልጻፈው፣ አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል።

አባ ተድላ መጡ፣ ኦቦ ኢቲቻ ከሆለታ ተመልሰው መጡ፣ እትዬ ማሪቱ ሳትጠራ መጣች። ምሳ ቀርቦ ሳለ አሥራት ገባ፣ ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው። እናቱን ጉልበት ሳመ፣ እኔን ጉንጬን ሳመኝ፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፣ የኛ ቤት ሳሙና አይደለም።

ኦቦ ኢቲቻ በቅንነት፣ እሳቸው ተንኮል አያውቁም፣ «አንተ አሥራት! ለሚስትህ ዶሮ አርደህ ሳትቀምሰው ሄድክ አሉኝ። እንዲህ ነው ባል!» አሉት።

«የምን ዶሮ?» አለ አሥራት።

እትዬ ማሪቱ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «የፋሲካው ነዋ።»

«እኔ ምንም ዶሮ…»

«አርደሃል» አሉ እማማ።

ሁሉም ወደሳቸው ዞረ። እንጀራ እየቆረሱ ነበር፣ መቁረሳቸውን አላቆሙም።

«እኔ? እማዬ፣ እኔ'ኮ…»

«አንተ ነህ። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት፣ እዚህ በር ላይ፣ ፎጣ ተከናንበህ። ማሪቱ በዓይኗ አይታሃለች። አላረድኩም ካልክ ግን ቅዳሜ የት ነበርክ? ይኸው የነፍስ አባትህ ተቀምጠዋል፣ ለሳቸው ንገራቸው።»

አሥራት አባ ተድላን አየ፣ እኔን አየ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገ። ላብ ግንባሩ ላይ ሲወጣ አየሁት። እንደዛ ሲፈራ አይቼው አላውቅም፣ እኔ ብቻ የምፈራ ይመስለኝ ነበር።

«አዎ… አርጃለሁ» አለ። «ረስቼው ነው። በሥራ ብዛት።»

«ትልቅ ዶሮ ነበር» አሉ አባ ተድላ፣ ትዝ እያላቸው።

«ትልቅ ነበር» አለ አሥራት።

እትዬ ማሪቱ «ጥቁር ነበር አይደል?» አለችው። «ጥቁር» አለ። ቀይ ነበር። ላባው ሁሉ ጓሮ ወድቋል፣ ቀይ ነው፣ ማንም ግን አልተናገረም።

እንግዶቹ ሲሄዱ አሥራት መኪናው ጋ ወጣ፣ ዘይቱን ልይ ብሎ። እማማ ጓዳ ጠሩኝ። ከአልጋ ስር ያስቀመጥኩት ጥቅል እጃቸው ላይ ነው።

«ያረደው የከሊፋ ልጅ ነው አይደል?»

መሬት ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። «እንዴት አወቁ?»

«አርባ ዓመት ቅቤ ነግጃለሁ፣ ድንች የተቀላቀለበትን ሳልቀምስ አውቃለሁ። ሰኞ ዕለት ሁለታችሁ መሬት መሬት ስታዩ በቃኝ።»

«ታዲያ ለምን…»

«ልጄ በፋሲካ ሚስቱን ትቶ ሌላ ቤት ዋለ ከምል አርዷል ማለት ቀለለኛ። ቅዳሜ ድስቱን ከፍቼ ስጠይቅሽም አለመምጣቱን አውቅ ነበር።» ጥቅሉን ፈቱት፣ ቀሚሶቼን አንድ በአንድ ሰቅለው መለሱ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነው የሚናገሩት። «ያችኛዋን ልጅ በማማሰያ ስመልሳት፣ ጥፋቱ የሷ መስሎኝ ነበር። ልጄ ደህና ሰው መስሎኝ ነበር።»

እሳቸው ሲያለቅሱ አይቼ ስለማላውቅ የሚያለቅሱ መሆኑንም እርግጠኛ አይደለሁም።

«ተፍኪ የትም አትሄጂም» አሉ። «ነገ በጠዋት አባ ዘንድ እንሄዳለን። አንቺ ዶሮውን ትናዘዣለሽ፣ እኔ ልጄን።»

አሥራት ገብቶ መኪናው ድምፅ አለው፣ ዛሬውኑ ላሳየው ብሎ ሲጀምር አላስጨረሱትም። «ሂድ፣ ወሊሶ ታሞብሃል፣ አስታመው። ሲድን ግን እዚህ ሳይሆን በመጀመሪያ አባ ተድላ ጋ ነው የምትገባው» አሉት። ሄደ። የመኪናውን ድምፅ ተራራውን እስኪያልፍ ሰማሁት፣ ምንም አልታመመም፣ እንደ ፈረስ ነው የሚሄደው።

ሚያዝያ 26፣ ሰኞ

ገና ሳይነጋጋ አባ ተድላ ቤት ደረስን። እማማ በመጀመሪያ ገቡ፣ ብዙ ቆዩ፣ ሲወጡ ነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍኖት ነበር። ከዛ እኔ ገባሁ። በሩ ላይ መቆሜን፣ ፎጣውን፣ ስሙን አለመጠየቄን፣ ሁሉንም አንድ ላይ ሳልተነፍስ ነገርኳቸው።

አባ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ፈረሰኛውን የበላሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«አዎ አባ።»

«ሁለት ጊዜ ነው የጨመርሽልኝ።»

«ሦስት ጊዜ ነው አባ።»

መስቀሉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩት። «በዓለ ሃምሳ ነው፣ ጾም የለ፣ ስግደት የለ፣ ምን ቀኖና ልስጥሽ?» ብለው እኔኑ ጠየቁኝ። ኋላ «አታልለሽ አላበላሽንም፣ ልጁም አላታለለሽም፣ አልቅሰሽ ነው ያስገደድሽው። ጠበል ውረዱና ተጠመቁ፣ ይበቃል። ልጁንም ይቅርታ ጠይቂው» አሉኝ።

ጠበሉ ጋ ስንደርስ ሰው ተሰልፏል። ውሃው ከሩቅ ሲያዩት ያንቀጠቅጣል። እማማ ከፊቴ ቆመዋል፣ ብርዱን ሲያዩ ነጠላቸውን ግማሹን እኔ ላይ ጣሉት። ትንሽ ቆይቶ ከኋላችን የሚያቃስት ሰው መጥቶ ተሰለፈ። ዞር ስል አባ ተድላ ናቸው፣ ጥምጥማቸውን አውልቀው ፎጣ ተከናንበዋል፣ ማንም እንዳያውቃቸው።

እማማ እስከ ጆሯቸው ሊስቁ ደርሰው ያዙት።

«አባ፣ ምነው፣ እርስዎም አመመዎት?»

አባ ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ።

«ሆዴን» አሉ።